ከልጄ እጅ አልቀበልም

ኦክቶበር 2፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር ዲዲ ናት የገዛችልኝ። «ያሰብሽውን ተንኮል ሁሉ እዚህ ላይ ጻፊው፤ ጽፈሽ ስትጨርሺ ለመሥራት ይታክትሽ ይሆናል» አለች። ዲዲ ማለት ታላቅ እህቴ ራዲካ ናት። እኛ ዘንድ ታላቅ እህት በስሟ አትጠራም። እኔ ግን ላናድዳት ስፈልግ እጠራታለሁ።

እንግዲህ ልጀምር። ስሜ ማልቲ፣ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ፣ ሥራ የለኝም። ከሙያ ትምህርት ቤቱ የተባረርኩት በሩ ላይ «የርእሰ መምህሩ ሱሪ ስለ ጠፋ ዛሬ ትምህርት የለም» ብዬ ስለ ለጠፍኩ ነው። ግማሹ ተማሪ አምኖ ወደ ቤቱ ሄደ። እማዬ ሦስት ቀን ዘጋችኝ። በአራተኛው ቀን ሮቲ፣ ቂጣችንን፣ እየጋገረች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ለመሆኑ ሱሪው ተገኘ?» አለችኝ።

ኦክቶበር 5፣ ቅዳሜ

ዝናብ። የሄግ ዝናብ ከላይ አይወርድም፣ ከጎን ነው የሚመጣው። አንጃሊ መስኮቱን እየላሰች ነው።

አንጃሊ የዲዲ ልጅ ናት፣ ሦስት ዓመቷ። አባቷ ገና ዳዴ ሳትል ለሥራ ሮተርዳም ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ሮተርዳም በባቡር ግማሽ ሰዓት ነው፤ እሱ ግን እስካሁን አልደረሰም መሰለኝ። ዲዲ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ጎን ለጎን ነርስነት ትማራለች። በጸደይ ፈተና አለባት። የምትኖረው እዚሁ ሁለት ጎዳና አልፎ ስለሆነ አንጃሊን በማለዳ አምጥታ ለእማዬ ሰጥታት ትሮጣለች።

እማዬ ታዲያ እንዲሁ አያት እንዳትመስላችሁ። በመንግሥት የተመዘገበች ልጅ ጠባቂ ናት። ኮርስ ወስዳለች። ልጅ ምግብ ሲያንቀው ጀርባውን እንዴት እንደሚመቱት ተምራለች፤ እኔን ግን ያለ ኮርስም አሳምራ ትመታኝ ነበር። የምስክር ወረቀቷ ከአማልክቱ ሥዕል አጠገብ ተሰቅሏል። ደመወዝም አላት። አብዛኛውን መንግሥት ለዲዲ በድጎማ ይሰጣታል፣ ዲዲ ለእማዬ ታስተላልፋለች። የቀረውን ዲዲ ከራሷ ኪስ መጨመር አለባት። «የራስ ድርሻ» ይሉታል። ወላጅ ከኪሱ ካልከፈለ ድጎማው የለም። ሕጉ ይኸው ነው። ሕጉን ያወጣው ሰው ግን እናቴን አያውቃትም።

«የንጉሡን እቀበላለሁ፤ የልጄን አልቀበልም» ትላለች። ከዳሩት ሴት ልጅ እጅ መቀበል ነውር ነው። ቤተሰቦቼ ሆላንድ ከመምጣታቸው በፊት፣ ሱሪናም እያሉ፣ የእማዬ እናት እማዬን ልትጠይቅ ስትመጣ የምትጠጣውን ውሃ በጠርሙስ ይዛ ትመጣ ነበር አሉ፤ የልጇን ውሃ ላለመጠጣት።

ስለዚህ በየወሩ መጀመሪያ ዲዲ ድርሻዋን በባንክ ትልካለች። እማዬ ባንክ ሄዳ ታወጣዋለች። በቀይ ጨርቅ ትቋጥረውና አንድ ዩሮ ትጨምርበታለች፣ ድፍን ቁጥር መጨረሻ ነው ባይ ናት፤ አንድ ሲጨመርበት ግን ይቀጥላል። ከዚያ አንጃሊ ቦርሳ ውስጥ ትከተዋለች። ዲዲም እያፈረች ይዛው ትሄዳለች። ያው አንድ ገንዘብ ነው ሦስት ዓመት ሙሉ ቤታችንን ሲዞር የኖረው። ስም ላወጣለት እያሰብኩ ነው።

ኦክቶበር 9፣ ረቡዕ

ሂልዳ መጣች። እማዬን ያስመዘገበው ድርጅት ሠራተኛ ናት፣ ቤቱ ለልጅ መመቸቱን እየመጣች ታያለች። የጭስ መጠቆሚያውን ልትሞክር ወንበር ላይ ስትወጣ በስልኬ የእሳት አደጋ መኪና ጩኸት ለቀቅሁባት። እዚያው ወንበሩ ላይ ጸሎት ጀመረች። ስትወርድ ግን ሳቀች፤ እናንተ ቤት ስመጣ ቀኑ ያጥርልኛል አለች። እማዬ ከክክ ሊጥ በዘይት ከምትጠብሰው ባራ ሦስት በላች። እማዬ ሌላ ቋጥራ ሰጠቻት።

ኦክቶበር 15፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጥሩ ሰው አገኘሁ።

እማዬ ቤት ውስጥ አትረብሺኝ ብላ ስላባረረችኝ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ በሮቹ ላይ ያለውን ስም እያነበበ ወደ ላይ ይወጣል። «ማንን ነው የምትፈልገው? ሚስት ከሆነ ሦስተኛ ፎቅ አንዲት አለች፣ ጥርስ ግን የላትም» አልኩት። የዚህ አገር ሰው ሲስቅ በአፍንጫው ነው። ይሄ ግን በሆዱ ሳቀ። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

እኔ ደግሞ የሚስቅልኝ ሰው ካገኘሁ መቆሚያ የለኝም። ከውስጥ የአንጃሊ ድምፅ ሲሰማ ልጅ አለ እንዴ አለኝ። እናቴ ልጅ እንድትጠብቅ ንጉሡ ይከፍላታል፣ እሷ ግን ትተኛለች፣ ልጅቷ ናት እሷን የምትጠብቃት፣ ደመወዙ ለልጅቷ ነበር የሚገባው አልኩት። ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። ከዚያ ያንን ዟሪ ገንዘብ ነገርኩት። እንዴት ከእህቴ ኪስ ወጥቶ፣ እማዬን ሰላም ብሎ፣ በአንድ ዩሮ ወፍሮ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ።

«በየወሩ?» አለ።

«እንደ ጨረቃ።»

«ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ?»

«ከእሷ ቀድሞ የተራመደ ገንዘብ ነው» አልኩት።

የማንንም በር ሳያንኳኳ ተነሥቶ ወረደ። ቤት ተሳስቶ ይሆናል። ለእማዬ አንድ ሰው በሳቅ ገደልኩ ብዬ ነገርኳት። እሷም «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለችና ሽንኩርት እንድልጥ አዘዘችኝ።

ኦክቶበር 24፣ ሐሙስ

የዚህ ወር ድጎማ አልገባም። ዲዲ በምሳ ሰዓቷ ለድጎማው ቢሮ ደውላ፣ ጠብቂ እያሉ ሙዚቃ ሲያሰሟት ዋሉ። ማታ የስልክ ሙዚቃ እያፏጨሁ ተቀበልኳት። አልሳቀችም። የሆነ ስህተት ነው፣ ይስተካከላል ብላለች ሴትዮዋ በስልክ።

ኦክቶበር 29፣ ማክሰኞ

ሰማያዊ መኪና። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት። ዲዲ አንጃሊን ስታመጣም ነበረ፣ ልትወስዳት ስትመጣም ነበረ። ውስጡ ሰው ተቀምጦ ከወረቀት ከረጢት ይበላል። እማዬ መጋረጃውን ዘጋች። እኔ ወርጄ በመስኮቱ ምላሴን አወጣሁበት። ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ፊቱን በደንብ አላየሁትም። ጃኬቱንም አላየሁም።

ኖቬምበር 3፣ እሑድ

ዲዋሊ፣ የመብራት በዓላችን። የዘይት መብራቶቹን መስኮቱ ላይ ደረደርን። አንጃሊ አንዱን እፍ ብላ አጠፋችና እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብዬ ቁጣውን ተቀበልኩላት። ሲያምርብኝ።

ቤቱ ግን እንደ ሌላው ዓመት አልነበረም። ድጎማው እስከ ዛሬ አልገባም። ዲዲ የቤት ኪራዩን አዘግይታለች፣ ግን ድርሻዋን ለእማዬ ልካ ነበር፤ መላኩ ቢቋረጥ ይብሳል ብላ ነው። እማዬም እንደ ልማዷ ቀዩን ቋጠሮ አመጣች። ዲዲ እጇን ሰበሰበች።

«እማ፣ የዛሬን ያዢው። እባክሽ። ቢያንስ ባንክ ይቀመጥ።»

«በበዓል ቀን?» አለች እማዬ። «ምን አድርጌሽ ነው?»

እማዬ ቋጠሮውን አንጃሊ ቦርሳ ውስጥ ከተተችና ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ዲዲ ያልተናገረችውን ነገር እኔ መናገር ነበረብኝ ይሆናል። ምን ብዬ? እኔ ስናገር ማን ያምነኛል። ስለ ጎረቤታችን ፂም ቀልድ ጀመርኩ፤ ሁለቱም አልሰሙኝም።

ኖቬምበር 8፣ ዓርብ

ሂልዳ ትመጣለች ተብሎ ቀረች። እማዬ ባራዋን ጠብሳ ጠበቀቻት። ስደውልላት ስሜን ስትሰማ ድምፅዋ ተቀየረ፤ «ስለ እናንተ ጉዳይ በስልክ እንዳላወራ ተነግሮኛል» አለችና ዘጋችው። በእሳት አደጋው ቀልድ ተቀይማ ይሆናል።

ባራውን እኔ በላሁት። ቀዝቅዞ ነበር።

ኖቬምበር 13፣ ረቡዕ

የተቻኮለ ቀን። የድጎማው ቢሮ ሰዎች ዲዲን ጠርተዋታል፣ ማክሰኞ ትቅረብ ብለዋል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችውን አሮጊት አንድ ሰው መጥቶ ጠይቋታል። ዳቦ ጋጋሪውንም። ዳቦ ጋጋሪው ሲያየኝ ትርፍ ኩኪስ የሚጨምርልኝ ሰው ነበር፤ ዛሬ የከፈልኩትን ብቻ ሰጠኝ።

ኖቬምበር 19፣ ማክሰኞ

ዲዲ ከቢሮው መጣች። ጸጉሯ ረጥቧል፣ ካፖርቷን አላወለቀችም። እማዬ አንጃሊን ይዛ ገበያ ወርዳ ስለነበር ሁለታችን ብቻ ነበርን።

እናትሽ ልጅ በምትጠብቅበት ሰዓት ትተኛለች ወይ ብለው ጠየቋት። ምን ትላለህ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ? እማዬ እንኳን ቀን፣ ሌሊትም በአንድ ዓይኗ ነው የምትተኛው። ከዚያ ድርሻሽን እናትሽ ትመልስልሻለች ወይ አሏት። የባንክ ማስረጃ አለኝ፣ ከፍያለሁ ብላ ወረቀቷን አሳየች። እነሱም አንዲት የቤቱ ነዋሪ ሁሉን ነግራናለች አሏት። አንብበውላታልም። «ገንዘቡ በአንድ ዩሮ ወፍሮ ይመለሳል» የሚል ነገር አለበት።

እዚህ ቤት የምንኖረው እማዬና እኔ ብቻ ነን።

የሦስተኛ ፎቋ አሮጊት ትሆናለች፣ ሰሞኑን ብዙ ትቀባጥራለች አልኩ። ዲዲ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማልቲ፣ የአንቺን ቀልድ እኮ ከድምፅሽ ለይቼ አውቀዋለሁ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አልሰደበችኝም። ካፖርቷን አውልቃ፣ አንጥፋ፣ ቀስ ብላ ነገረችኝ። እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ይወስናሉ። አልከፈለችም ካሉ አንጃሊ ከተወለደች ጀምሮ የገባውን ድጎማ በሙሉ መልሺ ይሏታል። ያን ያህል ገንዘብ ዕድሜ ልኳን ብትሠራ አትሞላውም። ትምህርቱም ያበቃል፣ ሥራውም ያበቃል፤ ልጅቷን ማን ይዞላት? አሁን በእጃቸው ያለው አንድ የደረጃ ላይ ወሬ ብቻ ነው። እማዬ መለስኩ ካላለች በቀር ወረቀቱ ከዲዲ ጋር ነው። ስለዚህ ማንም ምንም አይናገር።

ለእማዬስ አንነግራትም ወይ አልኳት። ዲዲ ራሷን ነቀነቀች። ተኝታ ልጅ ትጠብቃለች ተብለሻል ብለን እንዴት እንነግራታለን?

ኖቬምበር 20፣ ረቡዕ

ምንም አልጽፍም። ደረጃው ላይ ማንም ሰው ቢቀመጥ ያወራል። አፍ ያለኝ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ኖቬምበር 24፣ እሑድ

ቤተ መቅደስ ሄደን መጣን። ጫማ ማውለቂያው ጋ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ እማዬ ሰማች። እኔም ሰምቻለሁ። አንደኛዋ «ከገዛ ልጇ ደመወዝ ተቀብላ ነው የልጅ ልጇን የምትይዘው፤ በደረሰኝ» አለች። ሌላዋ «በባንክ እንኳ» አለች። ሰውየው ዞሮ ስለጠየቀ ነው ወሬው የወጣው፤ ግማሹን ይዘው ግማሹን ጥለው።

የሴትዮዋን አንድ እግር ጫማ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ከተትኩት። እንዲያውም አላስደሰተኝም።

እማዬ በመንገድ ሁሉ ከፊት ከፊት ሄደች። ቤት ስንደርስ «ሰው ሁሉ የልጄን ላብ የምጠጣ መስሎታል» አለች፣ ለግድግዳው። ሮቲ ጋገረች፤ አልበላችም።

ኖቬምበር 28፣ ሐሙስ

አራተኛ ቀኗ ነው በሻይ ብቻ። አንጃሊ ማንኪያ ይዛ ልታጎርሳት ትሞክራለች። ዲዲ ማታ ማታ የሌላ ሰው ተራ እየሸፈነች ስለሆነ እማዬን በደንብ አላየቻትም፤ እኔም ደህና ናት አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ዲዲ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

እማዬ ዲዲ የተጠራችበት ቢሮ በየትኛው ትራም ነው የሚኬደው ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የት ላይ እንደምትወርድም ነገርኳት። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። እሷ ስትጠይቀኝ ሁልጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ነበር የምነግራት፤ ዛሬ እውነተኛውን ነገርኳት፤ መቀለዱ አስጠልቶኛል።

ዲሴምበር 2፣ ሰኞ

ወስኛለሁ። እኔ ያወጣሁትን እኔ እመልሰዋለሁ። ሄጄ ቀልድ ነው እላለሁ። የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርልኛል፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ ከፈለጉ በጽሑፍ ይሰጣቸዋል። ለዲዲ አልነገርኳትም። ብነግራት ትከለክለኛለች።

ዲሴምበር 4፣ ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። የዲዲን ሰማያዊ ሹራብ ለብሼ፣ ጸጉሬን አስሬ። እንግዳ ተቀባይዋ ሴትዮ ስለ ራዲካ ጉዳይ ነው ስላት ቁጭ በይ አለችኝ። ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተ፣ እሱ ወጣ። ጃኬቱን አልለበሰም፣ ነጭ ሸሚዝ ነበር ያደረገው። እጁን ዘረጋልኝ።

«ማልቲ» አለኝ።

ስሜን ነግሬው አላውቅም።

ክፍሉ ሞቃት ነበር። ውሃ ቀዳልኝ። ያን ቀን አንተ እለው የነበረውን ሰውዬ እርስዎ አልኩት፤ ምላሴ በራሱ ጊዜ ነው ያለው።

«ያኔ ደረጃው ላይ የነገርኩዎት ሁሉ ቀልድ ነው።»

«የቱ? እናትሽ ትተኛለች ያልሽው?»

«ቀልድ ነው።»

«ልጅቷ ናት የምትጠብቃት ያልሽውስ?»

«ቀልድ።»

«እሱስ ለእኔም ገብቶኛል» አለ። ያኔ በሆዱ የሳቀው ሰውዬ ነው፤ አሁን ፊቱ እንደ ታጠበ ሳህን ነው። «ገንዘቡ ይመለሳል ያልሽውስ?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። በሕይወቴ ሙሉ የዋሸሁት ለሳቅ ነበር። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቁም ነገር ዋሸሁ፣ ስዋሽም እንደ ዛሬ አምሮልኝ አያውቅም። እሱም ቀልድ ነው አልኩት። እናቴ ስለ ገንዘብ ቀልድ አታውቅም፣ እህቴ አንድ ቀን ብታዘገይባት ፊቷን ታጠቁራለች፣ ያገኘችውን ለጆሮ ወርቅ ታጠራቅማለች፣ ገንዘብ መውደዷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል አልኩ። እናቴን እንደዚያ አልኳት። ድምፄም አልተንቀጠቀጠም።

ሰውየው በዚህ ጊዜ ይጽፍ ነበር። አትሞ አነበበልኝ፣ ልክ ነው ወይ አለኝ፣ ልክ ነው አልኩ። ፈረምኩ።

ወረቀቱን አስተካክሎ አስቀመጠ። ከዚያ «እናትሽ ጠዋት መጥታ ነበር» አለ።

ያልሰማሁት መስሎት ደገመው። ጠዋት፣ ከትንሽ ልጅ ጋር። አስተርጓሚ እንጥራልሽ ቢሏት አያስፈልገኝም አለች። አሁን እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በዚያ በተሰባበረ ሆላንድኛዋ፣ እየደጋገመች ነገረችው። የልጄ አንድ ሳንቲም እጄ ላይ ቀርቶ አያውቅም፤ የላከችልኝን በየወሩ፣ ከነምርቃቱ፣ መልሻለሁ፤ ይህን ጻፍልኝ። ጻፈላት። ኩራት ይታይባት ነበር አለ። ማህተም ያለበት አንድ ቅጂ ለራሷ ጠየቀችው፣ የቤተ መቅደሱ ሴቶች እንዲያዩት።

«ሰጧት?» አልኩት።

«መብቷ ነው።»

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረጋቸው። የእማዬ ፊርማ ትልቅ ነው፣ ከመስመሩ ወጥቷል።

«ሁለታችሁም ፈርማችኋል» አለኝ። «የትኛዋ ናት የቀለደችብኝ?»

የቀዳልኝን ውሃ አልጠጣሁትም። የእኔን ይቅደዱት አልኩት። አይቀደድም አለኝ፤ እህትሽ ዘመዶቿን አስዋሽታለች ወይ የሚለውም አሁን መታየት ይኖርበታል አለ፤ የክፋት ድምፅ አልነበረውም። በሩን ራሱ ከፈተልኝ።

በትራም አልመጣሁም። በእግሬ መጣሁ፣ ዝናቡ ከጎን ሲመታኝ።

በሩን ስከፍት ቤቱ የባራ ሽታ ሞልቶታል። እማዬ ቆማ እየጠበሰች ትበላለች፣ ከምጣዱ እያነሣች፣ ጣቷን እያቃጠላት። ከአሥር ቀን በኋላ መብላቷ ነው። ማህተም ያለበት ወረቀት ከምስክር ወረቀቷ ሥር ተሰክቷል፣ አበባ ተደርጎለታል። አንጃሊ ከጠረጴዛው ሥር ሆና ትራም ትነዳለች።

«ነገርኳቸው» አለችኝ እማዬ። «እውነቱን ነገርኳቸው። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ሁሉንም ጻፈው። አሁን ይተዉናል።»

እርጥብ ሹራቡን ሳላወልቅ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ጉንጬን ቆንጥጣ አንድ ባራ አጎረሰችኝ፤ ዋጥኩት።

የዲዲ ቁልፍ በሩ ላይ ተሰማ። የጫማዋ ድምፅ ያዘግማል፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሥራ ላይ በእግሯ ቆማ ነው የዋለችው። እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ልትቀበላት ወጣች።

«ራዲካ፣ ልጄ፣ ጫማሽን አውልቂና ነይ ቁጭ በይ። የምሥራች አለኝ» አለቻት።

ዲዲ የእማዬን ፊት አየች፣ የበራውን። ነገሩን ገና ሳትሰማ ፈገግ አለች።